«ሴት ቢያውቅ…» በውክልና ያልቅ!

ኅዳርና ታኅሣሥ በመጡ ቁጥር ቦሌ ሠርግ የበዛባት አገር ትመስላለች። ሠርግ ግን አይደለም፤ የባንኮችና የኢንሹራንሶች ጠቅላላ ጉባዔ ነው። በሚሊኒየም አዳራሽ በርና በየትልልቁ ሆቴል ደጃፍ የመኪና ማቆሚያ ይጠፋል። ባለአክሲዮኑ መታወቂያውን ይዞ ይሰለፋል፣ ይመዘገባል፣ ዓመታዊ ሪፖርቱን በብብቱ ሸጉጦ ይገባል። ሪፖርቱ ይነበባል፣ ኦዲተሩ ይናገራል፣ የትርፍ ድርሻው ስንት እንደሆነ ይታወጃል፣ ጥቂት ጭቅጭቅ ይደረጋል፣ ምሳ ይበላል፣ ሰዉ ይበተናል። የምርጫ ዓመት ከሆነ ደግሞ ቦርድ ይመረጣል።

እኔም ከደመወዜ እየቆረጥኩ የገዛኋት ጥቂት አክሲዮን ስላለችኝ አልቀርም። ዓይኔ ደግሞ ክፉ ነው፤ ከሪፖርቱ ይልቅ ሰዉን ያያል። ሰልፉ ላይ ሴት ሞልቷል። ነጠላዋን ያጣፋች እናት አለች፣ ከመርካቶ ሱቋን ዘግታ የመጣች ነጋዴ አለች፣ ከገርጂና ከሳሚት በታክሲ የመጣች ጡረተኛ አለች። ወደ መድረኩ ቀና ሲሉ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከረጅሙ ጠረጴዛ ኋላ ከረባት፣ ከረባት፣ ከረባት፣ አንዲት ሻርፕ፣ እንደገና ከረባት። አንዳንዴ ያቺ ሻርፕም የለችም።

ለመሆኑ ይኼ ከሰማይ የወረደ ሕግ ነው ወይስ የሰው ሥራ? እኔ የሰው ሥራ ነው ባይ ነኝ። የማን ሥራ እንደሆነም ዛሬ በግልጽ እንነጋገር። ከነገሩ ጦም እደሩ ብሎ ነገር የለም።

ከዚሁ ከሰፈራችን ከቦሌ ልጀምር። አቶ ግርማ ዋቄን የማያውቅ የለም። ከ1996 ዓ.ም. እስከ 2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድን በዋና ሥራ አስፈጻሚነት መሩ። ጡረታ ወጡ ተባለ። ሰውየው ግን ቤታቸው ቁጭ ብለው ጋዜጣ ሲያገላብጡ አልቀሩም። ሩዋንዳ የአየር መንገዷን ቦርድ በሰብሳቢነት እንዲመሩላት ወሰደቻቸው። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ደግሞ ያደጉበት ቤት፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ፣ የቦርዱ ሰብሳቢ አደረጋቸው። እሰየው! ይገባቸዋል። ዕድሜ ልክ የተጠራቀመ ዕውቀት ከጡረታ ደብዳቤ ጋር ፋይል ውስጥ አይቀበርም። ቦርድ ማለትስ ምን ማለት ነው? ቦርድ የዕለት ሥራ አይሠራም። ሥራ አስኪያጁን ይሾማል፣ ይሽራል፣ ገንዘቡ የት እንደገባ ይጠይቃል፣ ነገ የሚመጣውን አደጋ ዛሬ ያያል። ለዚህ ደግሞ እሳቱ ውስጥ ያለፈ ሰው ያስፈልጋል።

ጥያቄዬ ይኼ ነው። የሴቷ ግርማ ዋቄ የት አለች?

«ሴት የለችማ፤ ከየት ትምጣ?» እንዳትሉኝ። በዚያው አየር መንገድ በ2003 ዓ.ም. አምሳለ ጓሉ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነች። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከአብራሪዋ ጀምሮ እስከ መስተንግዶዋ ሴቶች ብቻ ያሉበት በረራ ከቦሌ ተነስቶ ባንኮክ ገባ። ኢትዮ ቴሌኮምን የሚያህል ድርጅት በ2010 ዓ.ም. ለወይዘሪት ፍሬሕይወት ታምሩ ተሰጠ። ሴት ያንን ሁሉ ነፍስ ይዛ አውሮፕላን ታሳርፋለች፣ የመቶ ሚሊዮን ሕዝብ ስልክ ታስተዳድራለች፤ በወር አንዴ ተሰብስቦ ሪፖርት መመርመር ያቅታታል? ጉድ በል ያገሬ ሰው!

ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅንንም አስታውሱ። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያን አቋቁመው ሥራ አስጀመሩ። ቡናና ሰሊጥ በደላላ ሹክሹክታ የሚሸጥበትን አገር ዋጋ በሰሌዳ ላይ እንዲያይ አደረጉ። ከዚያ ከለቀቁ በኋላ ያንን ዕውቀት ይዘው ናይሮቢ ላይ ድርጅት ከፈቱ፤ ለሌሎች የአፍሪካ አገሮች ምርት ገበያ ለማቋቋም። ወንዱ ሥራ አስኪያጅ ሲወጣ በሌላ በር ግባ ይባላል። ሴቷ ስትወጣ በሩን ራሷ ሠርታ፣ ራሷ ተክላ፣ ራሷ ነው የምትከፍተው። ልዩነቱ ይኼ ነው።

አሁን ወደ ሥሩ እንግባ። እኛ አገር የቦርድ ወንበር እንዴት ነው የሚገኘው? ሰዉ የሚመስለው የተማረና የሠራ ሰው ተፈልጎ የሚሾም ነው። አይደለም! የ1952ቱ የንግድ ሕግ የአክሲዮን ማኅበርን የሚያስተዳድሩት ከሦስት የማያንሱ፣ ከአሥራ ሁለት የማይበልጡ ዳይሬክተሮች ናቸው፣ እነሱም ባለአክሲዮን መሆን አለባቸው ይል ነበር። በዚህ ሕግ ከ60 ዓመት በላይ ኖርን። ትርጉሙ ግልጽ ነው። ዕውቀት ብቻ ይዘህ ከሆነ በሩ ላይ ቁም፤ አክሲዮን ይዘህ ከሆነ ግባ።

አክሲዮኑን ደግሞ ማን ያዘው? የግል ባንክ በ1986ቱ አዋጅ ሲፈቀድ ገንዘብና ትውውቅ የነበረው ሰው ተሰባሰበ። አዋሽ ባንክ በ1987 ዓ.ም. በ486 ባለአክሲዮኖችና በ24.2 ሚሊዮን ብር ተመሠረተ። ዳሸን፣ አቢሲኒያ፣ ወጋገን፣ ኅብረት፣ ንብ ተከታተሉ። ያኔ ቤትና መሬት በማን ስም ነበር? የንግድ ፈቃዱስ? የቁጠባ ደብተሩስ? በባል ስም፣ በአባት ስም፣ በወንድም ስም። ስለዚህ ወንበሩ ገና ከመጠረቡ በፊት ማን እንደሚቀመጥበት ታውቆ ነበር። ማንም ክፉ ሰው ተነስቶ «ሴት አትግባ» ብሎ አላወጀም። አዋጅ አላስፈለገማ!

ይኼ ግን የድሮ ታሪክ ነው እንበል። ዛሬ ሴቷም አክሲዮን አላት። ነጋዴዋ ገዝታለች፣ ነርሷ ገዝታለች፣ አረብ አገር ለፍታ የተመለሰችው ገዝታለች። ታዲያ ድምፃቸው የት ገባ?

ድምፃቸው በውክልና ፎርም ገባ! እንቆቅልሹ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው።

በጉባዔ ላይ ድምፅ የሚቆጠረው በራስ ቁጥር አይደለም፤ በአክሲዮን ብዛት ነው። ራስህ ካልመጣህ ሌላ ሰው ወክለህ ትልካለህ። ጥሩ ነገር ነው፤ የታመመ አለ፣ ውጭ አገር ያለ አለ። ነገር ግን የምርጫ ዓመት ሲመጣ ይኼ ፎርም እንደ በርበሬ ይፈለጋል። ወንበር የፈለገው ሰውዬ ገና ከመስከረም ጀምሮ ዘመድ፣ ያገር ልጅ፣ የዕድር ጓደኛ፣ የደንበኛ ነጋዴ እያለ ውክልና ይሰበስባል። «እትዬ፣ እርስዎ ለምን ይደክማሉ? ፀሐዩ ከባድ ነው። እዚህች ጋ ይፈርሙልኝ፤ እኔ እገባልዎታለሁ» ይላል። እትዬም ይፈርማሉ። ባል ደግሞ ሚስቱን እንኳ አይለምንም፤ «አምጪው» ይላል፣ ያልቃል።

እስቲ በቁጥር እናስበው። እንበል 200 ሴቶች እያንዳንዳቸው የ50 ሺህ ብር አክሲዮን አላቸው። ሲደመር 10 ሚሊዮን ብር ነው። በ10 ሚሊዮን ብር አክሲዮን የቆመ አንድ ሰው አዳራሽ ሲገባ ሁሉም ተነስቶ ነው የሚጨብጠው። እነዚያ 200 ሴቶች ግን ፎርሙን ለአራት ወንዶች ሰጥተው ቤታቸው ቡና ያፈላሉ። አራቱ ሰዎች በሴቶቹ ድምፅ እርስ በርሳቸው ይመራረጣሉ። ከዚያ አንዷ ሴት ተነስታ «ለምን ሴት አልተመረጠችም?» ብትል መልሱ ዝግጁ ነው። «ባለአክሲዮኑ አልመረጠማ!»

አያቶቻችን «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ይሉ ነበር። እኛ ሠልጥነናል ብለን ተረቱን ንቀነው ይሆናል። ነገር ግን አልተውነውም። ፎርም አሳትመንለት፣ ቁጥር ሰጥተነው፣ ማኅተም አድርገንበት ጉባዔ ይዘነው ገባን እንጂ!

አንዲት የማከብራቸው ሴት አሉ። ስማቸውን አልጽፍም፤ የሠሩበትንም ድርጅት አልጠራም። በጸሐፊነት ገብተው፣ ማታ ማታ እየተማሩ፣ የካሳ ክፍልን አልፈው፣ በምክትል ሥራ አስኪያጅነት ጡረታ የወጡ ናቸው። የተቃጠለ ፋብሪካ አይተው ኪሳራውን ጣታቸው ላይ ይቆጥሩታል ይባልላቸው ነበር። ከእሳቸው ጋር በአንድ ዓመት ጡረታ የወጣ፣ ከሥራቸውም የነበረ ሰው ዓመት ሳይሞላው የሌላ ኩባንያ ቦርድ ውስጥ ገባ። አንድ ቀን አትላስ አካባቢ ማኪያቶ ይዘን ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ እርስዎስ ምነው ቀሩ?»

«ማን ጠርቶኝ፣ የኔ ልጅ?» አሉኝ።

«እሱንስ ማን ጠራው?»

ሳቁ። «እሱማ አልተጠራም፤ ሄደ። ሐሙስ ሐሙስ ሥጋ ቤት ይሰበሰባሉ። ማን ወንበር እንደሚለቅ፣ ማን እንደሚጠቆም፣ ማን ውክልና እንዳለው እዚያ ያልቃል። ጉባዔው እኮ ማኅተም መምቻ ነው። እኔ ከቢሮ ስወጣ በቀጥታ ወደ ልጆቼ ነበር የምሮጠው። ሠላሳ ዓመት ሥራ እንጂ ሰው አላጠራቀምኩም።»

ይቺ የመጨረሻዋ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀርታለች። ሥራ ያጠራቀመች፣ ሰው ያላጠራቀመች ሴት! አገሩ የሞላው በእንደነዚህ ዓይነት ሴቶች ነው። ባንኮቻችንን ከሥር ሆነው የተሸከሙ፣ የብድር ፋይል ገልጠው ሌባውን ከሽታው የሚለዩ፣ ስድሳ ዓመት ሲሞላቸው የግድግዳ ሰዓትና የምስክር ወረቀት ተሰጥቷቸው የተሸኙ። ሰዓቱ ይቆጥራል፤ ዕውቀቱ ይዝጋል።

ከዚህ አዙሪት የወጣም አለ። እናት ባንክን ውሰዱ። 11 ሴቶች ተነሱ። ወንበር ስጡን ብለው ደጅ አልጠኑም፤ የራሳችንን ቤት እንሥራ አሉ። ሲሰሙ የሳቁባቸው ነበሩ፤ «ሴቶችና ባንክ! ዕቁብ መሰላቸው እንዴ?» የተባለበት ጊዜ ነበር። ባንኩ በ2005 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። አብዛኞቹ ባለአክሲዮኖቹ ሴቶች ሆኑ። ቦርዱን በሰብሳቢነት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ መሩት፤ ዳኛ የነበሩት፣ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ያቋቋሙት። እሳቸው በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ጥር 2015 ዓ.ም. ሠሩ። ልብ በሉ፤ ቦርድ የጡረታ መጦሪያ ብቻ አይደለም፤ የቦርድ ወንበር ላይ የተፈተነ ሰው አገርም ይሸከማል።

እናት ባንክ ያስተማረን ነገር አንድ ነው። ገንዘቡና ድምፁ በአንድ እጅ ሲሆን ሴት ለመመረጥ ማንንም አታስፈቅድም። ነገር ግን ይኼም ቢሆን ሌላ አጥር እንዳይሆን እፈራለሁ። «ሴቶች ባንክ አላቸው አይደል? እዚያ ይሂዱ» የሚል ቀልድ ሰምቻለሁ። አይሆንም! የሴቶች ገንዘብ በሁሉም ባንክ ውስጥ አለ። በሁሉም ቦርድ ውስጥ ዓይናቸው ሊኖር ይገባል። አንድ ቤት ሠርተው ከመንደሩ ሁሉ ሊባረሩ ነው እንዴ?

ወደ መንግሥት ድርጅቶች ስንመጣ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። እዚያ ባለአክሲዮኑ መንግሥት ነው፤ ቦርዱም ሹመት ነው። የአየር መንገዱን የቦርድ ሰብሳቢዎች ቁጠሩ። አቶ ስዩም መስፍን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። አቶ አዲሱ ለገሠ የገዢው ፓርቲ ከፍተኛ ሰው ነበሩ። ከአቶ ግርማ በኋላ በ2015 ዓ.ም. የአየር ኃይል አዛዡ ሌተና ጄኔራል ይልማ መርዳሳ መጡ። ሰዎቹን በግል አልወቅስም። የምወቅሰው መንገዱን ነው። በዚህ መንገድ ለሠላሳ ዓመት ሒሳብ ስትመረምር የኖረች ሴት በየት በኩል ትገባለች? የፓርቲ መታወቂያ የላት፣ የጄኔራል ማዕረግ የላት! ሴት ብትሾም እንኳ የምትሾመው ሚኒስትር ስለሆነች ነው፤ ከሚኒስትርነቷ ስትነሳ ወንበሩም አብሯት ይነሳል።

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከ20 ሚኒስትሮች አሥሩ ሴቶች ሆኑ ተብሎ ዓለም አጨበጨበልን። እኔም አጨብጭቤያለሁ። በ2014 ዓ.ም. አዲስ ካቢኔ ሲዋቀር ግን ግማሽነቱ ቀረ። ማን ተጠየቀ? ማንም! ምክንያቱም በድምፅ የመጣ አልነበረም፤ በችሮታ የመጣ ነበር። እጅ የሰጠውን እጅ ይወስደዋል። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው ብሔራዊ ባንካችን ስንት ገዢ ተፈራረቀበት? አንዲት ሴት ገዢ አይቶ አያውቅም። የሌሎችን ቦርድ የሚያጸድቀው እሱ ራሱ ነው እንግዲህ!

አንዳንድ አንባቢ እዚህ ላይ ሲቆጣ ይታየኛል። «ወንበር በፆታ ሳይሆን በብቃት ነው» ይላል። አሜን! እኔም የምለው ይኼንኑ ነው። ግን ብቃቱን ለሁሉም እንጠይቅ። ዛሬ ቦርድ ላይ ያለው ወንድ ሁሉ ተፈትኖ ነው የገባው? ስንቱ ነው የባንክን ሒሳብ መግለጫ ሳይገባው «እደግፋለሁ» የሚለው? ስንቱ ነው ከባንኩ ቦርድ ወጥቶ ወደ ኢንሹራንሱ፣ ከኢንሹራንሱ ወጥቶ ወደ ባንኩ እንደ ሽክርክሪት የሚዞረው? ብሔራዊ ባንክ የአገልግሎት ዘመን የገደበው ሰው እንዲለወጥ ነበር። እኛ ግን ወንበር ተለዋወጥን እንጂ ሰው አልለወጥንም። ብቃት ይለካ ከተባለ፣ በሬ ነጋዴውንና ምክትል ሥራ አስኪያጇን በአንድ ሚዛን አስቀምጡልን። ያኔ እንተያያለን።

ሌላው ደግሞ «እንደ ፈረንጅ በሕግ ኮታ ይውጣ» ይላል። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2003 ሕግ አወጣች፤ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ከቦርዳቸው ቢያንስ 40 በመቶውን ሴት እንዲያደርጉ አስገደደች፤ እስከ 2008 ተፈጸመ። ያልታዘዘ እስከ መፍረስ ይደርስ ነበር። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት በተመራጭም ሆነ በተሿሚ የመንግሥት አካል ውስጥ ከሁለት ሦስተኛ በላይ አንድ ፆታ እንዳይሆን ደነገገች። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2013 የተወሰኑ ኩባንያዎች ቢያንስ አንዲት ሴት በቦርዳቸው እንዲያስገቡ አዘዘች።

ጥሩ ነው። ግን ሕጉ ብቻውን ምን እንዳመጣም እንይ። ህንድ ውስጥ ብዙ ባለቤቶች ሚስታቸውንና ልጃቸውን አስገብተው «ይኸውላችሁ ሴት» አሉ። ኖርዌይ ውስጥ ጥቂት ሴቶች ብዙ ቦርድ ላይ ስለተደራረቡ «ባለወርቅ ቀሚሶች» የሚል ስም ወጣላቸው። እኛ አገር ኮታ ብቻውን ቢመጣ ምን እንደሚሆን ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም። ወንበር የለቀቀው ሰውዬ ሚስቱን ያስቀምጥና ማታ ቤት ሲገቡ «ዛሬ ምን ወሰናችሁ?» ይላታል። ነገ ምን እንደምትወስንም ይነግራታል። እንደገና በወንድ ያልቅ! ኮታ ይምጣ አይምጣ አልከራከርም፤ ድምፁ ከሴቷ እጅ ካልወጣ ግን ኮታው ሌላ የውክልና ፎርም ነው የሚሆነው።

ይኼን ሁሉ የምለው ጊዜው ስለሆነ ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ባለአክሲዮን ያልሆነ ሰውም በተወሰነ መጠን ቦርድ ውስጥ እንዲገባ ፈቀደ። ማለትም ዕውቀት ብቻ ይዛ በር ላይ የቆመችው ሴት አሁን መግቢያ አላት። በዚያው ዓመት ባንኮች እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. ካፒታላቸውን 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ ታዘዙ፤ ስለዚህ አዲስ አክሲዮን ለመሸጥ ሰው ደጅ ቆሙ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በወጣው የባንክ አዋጅ የውጭ ባንኮች መግቢያ ተፈቀደላቸው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአክሲዮን ገበያ ሥራ ጀመረ። የውጭው ባንክ ሲመጣ አገሩን የሚያውቅ፣ ሥራውን የሚያውቅ የቦርድ አባል ይፈልጋል። ያኔ እኛ የጣልናትን ሴት እሱ አንስቶ ይወስዳታል። እኛም እንደ ልማዳችን «የኛ ልጅ እኮ ናት» ብለን እናጨበጭባለን።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ እህቴ ሆይ፣ ፎርሙን ባዶውን አትፈርሚ። ራስሽ ሂጂ። መሄድ ካልቻልሽ ለምትሄድ ሴት ወይም ለምታምኚው ሰው ስጪ፤ ግን ማንን እንደሚመርጥልሽ ጠይቀሽ፣ አስጽፈሽ። ገንዘብሽን ለማያውቁት ሰው አትሰጪም፤ ድምፅሽም ገንዘብሽ ነው። እነዚያ 200 ሴቶች ሁለቱን እንኳ ቢልኩ ውጤቱ ይለወጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለጌጥ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ገና በሥራ ላይ ያላችሁ ሴት ኃላፊዎች፣ ጡረታን አትጠብቁ። ከወዲሁ አክሲዮን ግዙ፣ ጥቂትም ቢሆን። በምትሠሩበት ቤት ላይሆን ይችላል፤ በሌላው ይሁን። ጉባዔ ላይ እጅ አውጡና ጠይቁ፤ ሰው ይወቃችሁ። ሐሙስ ሥጋ ቤት መሄድ የለባችሁም፤ ቅዳሜ ቡና ላይ ተሰብሰቡ። የዕቁብና የማኅበር ባለሙያ ሆና ያደገች ሴት ለመደራጀት ከማንም ትምህርት አያስፈልጋትም። ስትጠቆሙም «እኔ አልችልም» የሚለውን ትሕትና ለቤተ ክርስቲያን ተዉት።

ሦስተኛ፣ ለኩባንያዎቹ። የዕጩዎችን ስም ከነትምህርታቸው፣ ከነሥራ ልምዳቸው፣ ከነዝምድናቸው ከጉባዔው ሳምንታት በፊት ለባለአክሲዮን አሳውቁ። በጉባዔው ዕለት ጠዋት የሚበተን ዝርዝር ምርጫ አይደለም፤ ጥድፊያ ነው። አንድ ሰው ስንት ውክልና ይዞ እንደገባም አዳራሹ ውስጥ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ሐቀኛ ሰው ይኼን አይፈራም።

አራተኛ፣ ለመንግሥት። የመንግሥት ድርጅት የሕዝብ ሀብት ነው፤ ቦርዱ የሹመኛ ማረፊያ አይሁን። ወንበር ሲለቀቅ ማስታወቂያ አውጡ፤ ይወዳደሩበት። ያኔ ከመንግሥት መሥሪያ ቤትና ከባንክ የወጡ ስንት ሴቶች ማስረጃቸውን ይዘው እንደሚሰለፉ ታያላችሁ።

ወንዶች ወንድሞቼም ብትሆኑ አትኮሳተሩ። ይኼ የፆታ ጠብ አይደለም። የከሰረ ባንክ የወንዱንም የሴቷንም ገንዘብ እኩል ይበላል። የብድር ፋይሉን ገልጣ «ይኼ ሰውዬ አይከፍልም» የምትል ሴት ቦርድ ላይ ብትኖር የምትጠብቀው ያንተንም የልጆችህንም ድርሻ ነው። እሷን አስቀርቶ የሥጋ ቤት ጓደኛውን የመረጠ ሰው የጎዳው ሴቷን ብቻ አይደለም፤ የገዛ ኪሱን ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ያ ሰውዬ ወረቀቱን ዘርግቶ፣ እስክሪብቶውን ከፍቶ «እትዬ፣ እዚህች ጋ ይፈርሙልኝ» ሲል፣ እትዬ እስክሪብቶውን ይቀበሉትና እንዲህ ይበሉት። «እሺ ልጄ፤ ግን እኔ ራሴ ብወዳደር አንተ ድምፅህን ትሰጠኛለህ?»

መልሱን ከፊቱ ላይ ያነቡታል።

ልቦና ይስጠን!